ላቦራቶሪው የቆመ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ባለሙያዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ይጨቃጨቁ ነበር።

«እኔ ባላጠፋው ኖሮ ሴትዮዋ ትሞት ነበር!» አለች ኢክራም።

«ስታጠፊውስ ማንን ጠየቅሽ?» አላት ታምራየሁ።

«አንተን ልጠብቅ? አንተን ብጠብቅ እኮ ልጁ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር!»

«ሁለታችሁም ቀድማችሁ ብትሰሙኝ ኖሮ...» ብላ ጀመረች ሰላማዊት። የሰማት ግን የለም።

አለቃቸው ጋሽ መንገሻ ጥግ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ጡረታ ሊወጡ ነው። ከሦስቱ አንዱን በቦታቸው መርጠው ዛሬውኑ ለሥራ አስኪያጁ መንገር አለባቸው። ሦስቱም ቦታውን አጥብቀው ይፈልጉታል።

ነገሩ የተነሳው ጠዋት ነው። ሆስፒታሉ ያለው ትልቅ ማሽን አንድ ብቻ ነው። ይህ ማሽን በውስጡ ተከፋፍሎ ለላቦራቶሪ አንድ ሰርቨር፣ ለካርድ ክፍል አንድ፣ ለፋርማሲ አንድ ሆኖ ይሠራል። ለየብቻቸው ያሉ ይመስላሉ እንጂ ሁሉም የሚሻሙት የአንዱን ማሽን ጉልበት፣ ማለትም ፕሮሰሰሮቹን ነው።

የሰላማዊት ሥራ መከታተል ነው። ጭነቱን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ሲወጣ ከማንም በፊት አየችው። «ላቦራቶሪው ወረፋ እየጠበቀ ነው፤ ዛሬ ይቆማል» ብላ ነገረቻቸው። ታምራየሁ «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ እንደፈራሽ ነው» አላት። ኢክራም ሳቀች። ሰላማዊትም ደግማ አልተናገረችም። ላቦራቶሪው እንዳለችው ቆመ።

በዚያ ሰዓት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ደም የሚፈሳት እናት ነበረች። የደሟ ዓይነት የተመዘገበው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ አልከፈት አለ። እንደገና ለመመርመር ጊዜ አልነበረም። ጋሽ መንገሻ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ኢክራም ይህን ስትሰማ ማንንም ሳትጠይቅ የካርድ ክፍሉን ሰርቨር አጠፋችው። ላቦራቶሪው ፋታ አገኘ፣ ውጤቱ ተከፈተ፣ ደሙ ደረሰ፣ እናትየዋ ተረፈች። ካርድ ክፍል ግን ምዝገባው በመሃል ተቋርጦ የጠዋቱ ተራ በሙሉ ጠፋ። ከሩቅ የመጡ በሽተኞች እንደገና ተሰለፉ። አንድ ሽማግሌ መቆም አቅቷቸው ሳይታከሙ ተመለሱ። ምን እንደሆኑ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ታምራየሁ በዚህ ሁሉ መሃል ከስክሪኑ ፊት አልተነሳም፤ ምክንያቱን ይፈልግ ነበር። በዚያ ሆስፒታል አንድ ልማድ አለ። ሰርቨሩ የዘገየበት ክፍል ሁሉ «ፕሮሰሰር ጨምሩልን» ይላል፤ ኃላፊውን ላለማስቀየም ይጨመርለታል። ከሁሉም በላይ የተጨመረለት ላቦራቶሪው ነበር። ታምራየሁ ያገኘው ጉድ ይህ ነው፦ ላቦራቶሪው ሥራ የሚጀምረው የተሰጡት ፕሮሰሰሮች በሙሉ አንድ ላይ ሲለቀቁለት ስለነበር፣ በተጨመረለት ቁጥር የሚጠብቀው ይበዛል። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ናቃችሁኝ!» እያሉ ሲጮሁ ታምራየሁ አብዛኛውን ፕሮሰሰር ነጠቃቸው። ካርድ ክፍሉ ተመልሶ ተከፈተ፣ ላቦራቶሪውም ከዚያ ወዲህ አልዘገየም። ይህ የሆነው ግን እናትየዋ ከዳነች በኋላ ነው።

«ያንቺ ማጥፋት ለአንድ ቀን ነው። የኔ ሥራ ባይኖር ነገም ይቆም ነበር» አለ ታምራየሁ።

«ሴትዮዋ ነገን የምታየው በማን ነው ታዲያ?»

«ሽማግሌውስ?» አለች ሰላማዊት በቀስታ። «ብትሰሙኝ ሁለቱም ይድኑ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም?» አለቻት ኢክራም።

ሰላማዊት ዓይኗን ወደ ጭነቱ መስመር መለሰች።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ እንጂ!» አለ ታምራየሁ።

ጋሽ መንገሻ ሦስቱንም በየተራ አዩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ የሥራ አስኪያጁ ጥሪ ነው። እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉና ሳያነሱት መልሰው ሰበሰቡ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ወጥተው ሄዱ።

ስልኩ አሁንም ይጮኻል። እስቲ እናንተ አንሱት፤ ቦታው የሚገባው ለማን ነው?