የሁለት ዘንግ በር

በሰሜን ተራሮች ላይ «ሁለት ዘንግ» የሚባል መሻገሪያ በር አለ፤ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል አልቆ በረዶው የሚጀምርበት ቦታ ነው። እዚያ የደረሰ መንገደኛ እንዲሁ ዘው ብሎ አያልፍም። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ዘንጋቸውን በረዶው ውስጥ ይሰኩና አፋቸውን ገጥመው ይቆያሉ፤ ከዚያ «ይታለፋል» ወይም «አይታለፍም» የሚለውን እኩል ይናገራሉ። ለምን ብትሉኝ፣ ልጆቼ፣ ነገሩ የቅናት ነገር ነው።

እንደሚነገረው ድሮ የዚያ በር መሪ አዛናው የሚባል ሰው ነበር። በረዶው ዳገቱን ይዞ እንደተኛ ወይም ሊናድ እንደሆነ ዘንጉን ሰክቶ በእጁ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና መንገደኛው ያለ እሱ ቃል ንቅንቅ አይልም። ኋላ ሙያውን ለታናሽ ወንድሙ ለጫኔ አስተማረው፤ አስተምሮት ሲያበቃ፣ ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው እስኪል ድረስ ሰው ሁሉ «ጫኔ ምን አለ?» ማለት ጀመረ። ሰላምታው ለጫኔ፣ ጠላውም መጀመሪያ ለጫኔ። የአዛናው የገዛ ሚስት ማንጠግቦሽ እንኳ አንድ ቀን «እስቲ ጫኔን ልጠይቀው» የሚል ቃል አመለጣት፤ ያቺ ቃል እንደ እሾህ ሆዱ ውስጥ ቀረች። እህል አልወርድ አለው ይባላል።

ታዲያ ከበሩ ማዶ የሚኖሩት የማንጠግቦሽ እናት ታመሙና እሷ በቅሎዋን ጭና ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር በሩ ላይ ደረሰች። ጫኔ ዘንጉን ሰካ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይታለፍም። ላዩ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ሥሩ ግን ዱቄት ነው፤ ይናዳል።»

አዛናውም ሰካ። ዘንጉ ላዩን በግድ በሳና ከሥር ዘው ብሎ ገባ፤ እጁ ያንኑ ነገረው። እጁ እንዲያ እያለው፣ ጫኔ ቀድሞ ስለተናገረ ብቻ፣ አፉ «ይታለፋል» አለ። «ወይስ የእኔ ዘንግ ጭራሮ ነው?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ዝም በል አንተ! ዘንግ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ።»

አዛናው እንኳ ሚስቴ ወደ ጫኔ ዞራ ትጠይቃለች፣ ያን ጊዜ እቆጣታለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። እሷ ግን ጋቢዋን ተከናንባ «ባሌ ካለ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?» ብላ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ በረዶው ላይ ገባች።

ይሄኔ አዛናው ጮኸ። «ተመለሺ! ጫኔ ያለው ነው ልኩ! ተመለሺ!»

ልጓሙን ለቃ ስትዞር ዳገቱ እንደ ሸማ ተቀደደ። በቅሎዋ ከነጭነቷ ገደል ገባች፤ ማንጠግቦሽን በረዶው እስከ አንገቷ ቀበራት። ወንድማማቾቹ በጥፍራቸው ቆፍረው አወጧት።

ከንፈሯ ጠቁሮ እየተንቀጠቀጠች ባሏን አየችው።

«እጅህ ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር።»

ወደ ሁለቱም ዞረች። «እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ ሁለታችሁም ስኩ፣ አፋችሁን ግጠሙ፣ ስትናገሩም እኩል ተናገሩ። አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ በሰው ነፍስ እልህ አይጋባ።»

እስኪያረጁ እንዲያ አደረጉ ይባላል። ዛሬም የሁለቱ ሰዎች ቃል ከተለያየ መንገደኛው ጭነቱን አዙሮ ይመለሳል። ሁለቱም እኩል «ይታለፋል» ያሉ እንደሆነ ግን «ወንድማማቾቹ ታርቀዋል» ይባባልና በረዶውን ይረግጣል።