የሸኽ ሱሩር ዘንግ

ታሪኩን ያጫወቱኝ አባት የከተማዋን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የቆየች ከተማ ነበረች፤ በእሷም ሸኽ ሙዘይን የሚባሉ ዓሊምና የመስጂድ ኢማም ይኖሩ ነበር። ፊቅሁንም ነሕዉንም፣ የሃይማኖቱን ሕግና የዐረብኛውን ሰዋስው፣ ለተማሪ ያስቀራሉ። ግን አንድም ደረሳ «እኔ እንደማውቀው» ሲሉ ሰምቷቸው አያውቅም፤ ንግግራቸው ሁሉ «ሸኻችን እንዳሉት» ነው።

ሸኻቸው ሸኽ ሱሩር ከሞቱ ቆይተዋል። የከተማዋን መስጂድ ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ የተቀበሩትም አጠገቡ ነው። ሸኽ ሙዘይንን ወላጅ ባጡ ጊዜ በየቲምነታቸው ተቀብለው ያሳደጓቸው፣ ጥላ እየለኩ የሰላት ወቅት ማወቅን ያስወደዷቸው እኚሁ ሰው ነበሩ። የመለኪያ ዘንጋቸውንም አወረሷቸው። ሸኽ ሙዘይን ዘንጓን መስጂዱ ግቢ ውስጥ ተክለው በየቀኑ የዙህርን፣ የቀትሩን ሰላት፣ ወቅት ይለዩባታል። የጥላዋን አቅጣጫ ሸኻቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ካዞሩት ሚሕራብ፣ ከኢማሙ መቆሚያ፣ ጋር ማስተያየት ግን በሐሳባቸው መጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ሰኢድኑር የሚባል፣ ከሩቅ አገር ለቂርኣት ትምህርት የመጣ ደረሳ ለሰላት በተሰበሰበው ጀመዓ መካከል ቀረባቸው።

«ሸኽዬ፣ አፉ በሉኝ። በዚህ አገር ቂብላ ወደ ሰሜን ነው ብለው ኡስታዞቻችን አስቀርተውናል። ቀትር ላይ የዘንጓ ጥላ የሚጋደመው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ሚሕራቡ ግን ከጥላው መስመር ወደ ምሥራቅ ያጋድላል።»

ሰዉ ተቆጣ። የመስጂዱ ሽማግሌ ሐጂ ይማም፣ «ይሄ ልጅ ዛሬውኑ ጓዙን ይዞ ይውጣ። የሸኽ ሱሩርን ስም መቃብራቸው አጠገብ ቆሞ አያጎድፍም» አሉ።

ሸኽ ሙዘይን ወደ ዘንጓ ሄዱ። ነገሩ እውነት ከሆነ፣ ያሳደጓቸው ሰው ተሳስተዋል ብለው በሕዝብ ፊት ሊናገሩ ነው። ካልተናገሩ ደግሞ ልጁ ያለ ጥፋቱ ይባረራል፤ እሳቸውም ሐቅ ደብቀው ሊያሰግዱ ነው። ቀትር እስኪደርስ ከዘንጓ አጠገብ ተቀመጡ። ጥላዋ ማጠሯን ስታቆም በጥላዋ ልክ በጣታቸው አፈሩ ላይ መስመር ሳቡ። ቀና ብለው ሚሕራቡ ከመስመሩ ጋር አለመግጠሙን አዩና አለቀሱ።

ኢቃማ፣ የሰላቱ መጀመሪያ ጥሪ፣ ሲባል ሚሕራቡ ውስጥ ገቡ፤ ነገር ግን ትንሽ ወደ ግራ ዞረው ቆሙ። «የሰፋችሁን መስመር ከእኔ ጋር አስተካክሉ» አሉ። ሰኢድኑርን ልክ ከኋላቸው አቆሙት። ሐጂ ይማምም ቅር እያላቸው ተከተሉ።

ከሰላቱ በኋላ ሸኽ ሙዘይን ለሸኽ ሱሩር ረጅም ዱዓ አደረጉ። ሐጂ ይማም መታገስ አልቻሉም።

«እሳቸው ያሰገዱን ሰላትስ?»

«ኢንሻአላህ መቅቡል ነው፤ አላህ ይቀበለዋል። ባወቁት ልክ ለፍተዋል፤ የልፋታቸው አጅር አይጎድልም።»

«እንግዲያ ሚሕራቡን እናፍርሰው?»

«አይነካም፤ የደከሙበት ነው። ምንጣፉን ብቻ አዙሩት።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ሸኻችን ያስተማሩኝ ወደ ቂብላ እንድዞር ነው፤ ወደ እሳቸው እንድዞር አይደለም።»

ይህን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ትንሽም አፍራለሁ። ብዙዎቻችን የኡስታዞቻችንን ስም ለመጠበቅ ስንጨቃጨቅ የሰጡንን ዕውቀት ጥግ እናስይዘዋለን። ሸኽ ሙዘይን ግን የሸኻቸውን ስህተት በሸኻቸው ዘንግ አረሙት። ከዚህ የሚበልጥ የደረሳ ውለታ አላውቅም።

በዚያ መስጂድ ምንጣፉ ዛሬም ከግድግዳው ጋር ገጥሞ አይነጠፍም አሉ። እንግዳ ሰው ተጣሞ የተነጠፈ መስሎት ሊያቃናው ሲል፣ የአገሩ ሰው እጁን ይይዘውና «ተወው ወንድሜ፣ የሸኽ ሱሩር ትምህርት ነው» ይለዋል።