የደከመው ባላ

ተረት ላወራላችሁ ነው። «እሺ» እያላችሁ ስሙኝ፤ ሁለት ጊዜ አላወራውም።

ድሮ፣ ዛፉም እንጨቱም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአያ ጓንጉል ግቢ አንዲት ትልቅ ዋንዛ ነበረች። አንደኛው ቅርንጫፏ ልጆቹ በሚተኙበት ጎጆ ላይ ተዘርግቷል፤ አያ ጓንጉል ቀፎዎቹን የሰቀለውም እዚያው ላይ ነው። ማሩ በበዛ ቁጥር ዋንዛዋ ወደ ጎጆው አዘነበለች። ቅርንጫፉ እንዳይወድቅ ከሥሩ አንድ ባላ ተተከለለት።

ይህ ባላ ደክሞታል። በጋውን ተሸከመ፣ ክረምቱን ተሸከመ፣ ምስጥ እግሩን እየበላው እንደገና በጋውን ተሸከመ። የሚያስከፋው ደግሞ ባዕድ አለመሆኑ ነው። እሱም የዋንዛዋ ልጅ ነበር፤ ከወዲያኛው ጎኗ ተቆርጦ የመጣ። ከእሱ በፊት ያረጁት ባላዎችም ከዚያው ጎን ነበር የተቆረጡት። አሁን በዚያ በኩል የቀራት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። ባላው መጀመሪያ ንቦቹን ለመነ።

«እናንተ ንቦች፣ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ነው። እባካችሁ ሌላ ዛፍ ፈልጉና ሸክሜን አቅልሉልኝ።»

«ሥራ ላይ ነን፣ አታድርቀን!» አሉት።

ቅርንጫፉን ለመነ።

«ወንድሜ፣ ጫፍህን እንኳ አስከርከም። ደክሞኛል።»

«አንተ እያለህልኝ ምን አስጨነቀኝ?» አለና ጭራሽ ተመቻችቶ ተደገፈበት።

በመጨረሻ አያ ጓንጉልን ለመነ።

«ጌታዬ፣ ቀፎዎቹን ያውርዱ፣ ይሄንን ከባድ ቅርንጫፍም ይቁረጡት። ያኔ እናቴ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አለዚያ ነፋሱ ከነሥሯ ነቅሎ ጎጆው ላይ ይጥላታል። ልጆችዎ አሉበት።»

አያ ጓንጉል ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«እውነትህን ነው፣ ደክመሃል» አለ። «ነገ ከደቦ ስመለስ ሌላ ባላ እጨምርልሃለሁ።»

«ከየት ቆርጠው?»

«በወዲያ በኩል አንድ ቀርቶ የለ!»

ባላው በወዲያ በኩል የቀረውን አንድ ወንድሙን ቀና ብሎ አየ።

በማግስቱ ባልና ሚስት ልጆቹን ይዘው ለደቦ ወጡ። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም፣ ጎጆው ባዶ ነው። ባላው እስከዚያ ቀን ሲያስብ የኖረው እንዴት እንደሚቆም ነበር። ያን ቀን ግን መቼ እንደሚወድቅ አሰበ።

«እናቴ፣ ልለቅ ነው» አላት።

«ይሰድቡሃል» አለችው ዋንዛዋ።

«ይስደቡኝ። ልጆቹ የሉም።»

ምስጥ የበላው እግሩን ሸብረክ አደረገው። ቅርንጫፉ ከነቀፎው ተገንጥሎ ወረደና የጎጆውን ክዳን ደረመሰው።

ሲመለሱ አያ ጓንጉል በንዴት ጦፈ።

«ነፋስ እንኳ በሌለበት! ምን ዓይነት ከንቱ ባላ ነው? ያ ሁሉ ማር!»

ሚስቱ የሻረግ ልጆቿን አንድ በአንድ ዳበሰች።

«ስለ ማሩ ነው የሚያወሩት? ቤት ውስጥ ብንሆን ኖሮስ?» አለች። እሱ ግን አልሰማትም፤ ባላውን እየፈለጠ ነበር። የሚደገፍ ነገር ስላልቀረ የወዲያኛው ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ ተረፈ።

ጎጆው ተከድኖ ብዙም ሳይቆይ አውሎ ነፋሱ መጣ። የጎረቤት ዛፍ ተነቀለ፣ አጥር ተገነደሰ። ዋንዛዋ ወዲያ ተወዛወዘች፣ ወዲህ ተወዛወዘች፣ ቆመች።

አያ ጓንጉል ከሚስቱ ጋር ምድጃው ዳር ተቀምጦ እሳት ይሞቅ ነበር።

«አየሽ የሻረግ» አለ፣ «ዋንዛችን እንዴት ያለች ጠንካራ ናት!»

ምድጃው ውስጥ የሚነደው ባላው ነበር። ምንም አልመለሰለትም። ደክሞታል፤ ደግሞም ልጆቹ ተኝተዋል።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፤ ዛፍ ላለው ጎረቤታችሁ አድርሱልኝ። ያዘነበለውን ለመደገፍ ብላችሁ ከቆመው ጎን አትቁረጡ። በጊዜ የወደቀላችሁንም ከመማገዳችሁ በፊት፣ ለምን እንደወደቀ ጠይቁት።