የቆላ ፈረሶች

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ከብት ባለጎማ ነው። «የመኪና በረት» በሉኝና ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ጊዜ፣ መኪና እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ በአንዲት የደጋ ከተማ አሻግሬ የሚባል የጭነት መኪና ነበረ። አሻግሬ ቶሎ ይፈራል፤ ጌታው ሸዋንግዛው ደግሞ ቶሎ ይኮራል። ከከተማዋ በላይ ገደል ገደሉን የሚጠማዘዝ ዳገት አለ። ሸዋንግዛው የእህቱን ልጅ ሰርገኞች በሙሉ ባንድ ጊዜ ጭኖ ያንን ዳገት ሊወጣ ለዘመድ ሁሉ ቃል ገብቷል።

«ጌታዬ፣ ጉልበቴ አይበቃም» አለ አሻግሬ።

«እንግዲያው እናስለካህ!» አለ ሸዋንግዛው።

በዳገቱ ግርጌ እትዬ ከበሮ የሚሏት አሮጊት መለኪያ ነበረች። መኪና ጎማውን በሚሽከረከረው ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ባለበት ይጋልባል፤ እሷም ጉልበቱን በፈረስ ቆጥራ ትናገራለች። አሻግሬ ጋለበ፣ ጋለበ፣ ጋለበ።

«ሰማንያ ፈረስ» አለች እትዬ ከበሮ። «ዳገቱ ደግሞ ለሙሉ ሰርገኛ መቶ ይፈልጋል።»

ሸዋንግዛው ተናደደና አሻግሬን ይዞ ቆላ ወረደ። ጭሱን እንደልቡ የሚያስወጣ አዲስ ማርሚታ አስገጠመለት። እዚያው ቆላ፣ ጎረምሳው ከበሮ የሚባል መለኪያ ላይ አወጣው። አሻግሬ ጋለበ፣ ጋለበ፣ ጋለበ።

«መቶ አሥር ፈረስ!» ብሎ ጮኸ ጎረምሳው።

«ሠላሳ ፈረስ ጨመረ!» አለ ሸዋንግዛው፤ እስክስታም ቃጣው። ደስ ብሎት ምሳ ሊበላ ሄደ።

አሻግሬ ግን አላመነም። «ወንድሜ፣ በአሮጌው ማርሚታ ብትለካኝ ስንት ትለኝ ነበር?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

«መቶ አምስት ሳልልህ አልቀርም» ብሎ ሳቀ ጎረምሳው። «እኔ እንግዳ አሳዝኜ አልሸኝም።»

«እኔም አለሁበት» አለ የቆላ ነፋስ። «እዚህ ወፍራም ነኝ፤ ሳንባህን ሞልቼልሃለሁ። ደጋ ያለው ወንድሜ ግን ቀጭን ነው፤ እኔ ደግሞ አብሬህ አልወጣም።»

መንገድ ላይ አሻግሬ፣ «ጌታዬ፣ እትዬ ከበሮ እንደገና ትለካኝ» አለ።

«ያቺ ምቀኛ!» አለ ሸዋንግዛው።

ከተማ ሲገቡም፣ «ጌታዬ፣ እባክዎ ትለካኝ» አለ።

«መቶ አሥር ፈረስ ይዘህ ታለቃቅሳለህ?»

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሚዜው ተጫነ፣ ሽማግሌው ተጫነ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ተጫኑ። ዘፈኑ ቀለጠ። አሻግሬ ግን እልልታ በሰማ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ከኋላው የሕፃናት ሳቅ ይሰማዋል፤ ከፊቱ ገደሉ ይታየዋል። ዳገቱ ግርጌ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ አልወጣም።»

«በዘመድ ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

መንገድ ዳር የታሰረ የጋሪ ፈረስ ሳቀበት። «ምን ሆነህ ነው? መቶ አሥር ፈረስ አለው ሲሉ ሰምቼ እኮ በቅናት ሣር አልበላ ብሎኝ ነበር!»

«ፈረሶቹ የቆላ ናቸው» አለ አሻግሬ። «ዳገት ላይ የሉም።»

ዘፈኑ ቆመ። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ አስካለች ልጆቹን አየች፤ ገደሉንም አየች። «ወንድም ዓለም» አለችው ሸዋንግዛውን፣ «ቢለካ ምን ይጎዳሃል?»

እያጉረመረመ ሰርገኛውን አወረደና አሻግሬን እትዬ ከበሮ ጀርባ ላይ አወጣው። ያቺው ከበሮ፣ ያው የደጋ ነፋስ። ጋለበ፣ ጋለበ፣ ጋለበ።

«ሰማንያ አራት» አለች እትዬ ከበሮ። «ማርሚታው ያመጣው አራት ፈረስ ነው። የቀረው ቆላ ቀርቷል።»

ሸዋንግዛው ግማሹን ሰርገኛ ጫነ፤ ግማሹ ተራውን ጠበቀ። መጨረሻው ጥምዝ ላይ የአሻግሬ ሞተር እያቃሰተ፣ ጎማው ጠጠር እያስፈነጠረ ለጥቂት ወጣ። ሸዋንግዛው ወርዶ ወደ ገደሉ አየ። ከታች፣ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት እጃቸውን ያውለበልቡለታል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ሁሉንም ጭኜ ቢሆንስ?» አለ።

«ጌታዬ፣ የቀሩት እየጠበቁን ነው» አለ አሻግሬ።

ሰርጉ ዘገየ እንጂ ማንም አልጎደለም። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውም ይቆየኝ፤ ይህን ብቻ ያዙ፦ ትናንትን በአንድ ከበሮ፣ ዛሬን በሌላ ከበሮ የለካ ሰው፣ እውነተኛውን ልክ ገደል ይነግረዋል።