የፊት ለፊቱ በር

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከአገር በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀኛዝማች ወንድይራድ የወረዳ ገዥ ሆነው ሲሾሙ የጣሊያኑ ሹም ይኖርበት በነበረው ግቢ ገቡ፤ «አገሬው በጓሮ በር ይግባ» የሚለውን የሹሙን ደንብም የመንግሥት ክብር ነው ብለው እንዳለ አጸኑት።

አንድ ቀን፣ ጣሊያን የነጠቃትን መሬት ለማስመለስ የምትሟገት አንዲት ባልቴት በፊት ለፊቱ በር ሰተት ብላ ችሎት ገባች። ቀኛዝማች ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አንቺ! በማን ፈቃድ ነው በዚህ የገባሽ? መልስ ካጣሽ መሬቱን እርሺው!»

ባልቴቲቱ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ የከለከለኝ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ። ጣሊያን ከሆነ፣ እሱን ያስወጣው አርበኛ ፈቅዶልኛል። እርስዎ ከሆኑ ግን፣ ደንቡን የወረሰ በደሉንም ይወርሳልና ባላጋራዬ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ዳኛ ይሰየምልኝ።»

ቀኛዝማች ተቀመጡ፤ መሬቱንም ፈረዱላት። ደንቡን ግን አልሻሩትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሹመት ወርደው ሳሉ፣ ከግቢው የቀድሞ አትክልተኛ እንደሰሙት፣ ጣሊያኑ ሕዝቡን በጓሮ ያስገባ የነበረው ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ የተከለው ቲማቲም እንዳይረገጥበት ነበር።