«ሮጠን አመጣነው»

አንዲት ተማሪ በትምህርት ቤቶች ውድድር አምስት ሺህ ሜትር ሮጣ ለትምህርት ቤቷ ዋንጫ አመጣች። ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ አቶ ምትኩ የመድረኩን ሦስት ደረጃ ወጥተው፣ እያለከለኩ ዋንጫውን ከፍ አድርገው «ሮጠን አመጣነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ሰኔ ላይ ግን ልጅቱ በሰውነት ማጎልመሻ መውደቋን ሰምታ ቢሯቸው ገባች። አቶ ምትኩ ዋንጫውን ጠረጴዛቸው ላይ እንዳስቀመጡ፣ «በውድድሩ ቀን የተግባር ፈተና ነበር፤ ቀርተሻል። የውጭ ሩጫ ለትምህርቱ አይቆጠርም። ቅዳሜ መጥተሽ ሜዳውን አሥር ጊዜ ካልዞርሽ ካርድ የለሽም» አሏት።

ልጅቱም እጇን ወደኋላ አጣምራ እንዲህ አለቻቸው፦ «እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ። እርስዎም ቱታዎን ለብሰው ይምጡ። ያን ቀን የሮጥነው አብረን ነው፤ የእኔ ካልተቆጠረ የእርስዎም አይቆጠርም።»