ውኃ ያልነካት ታንኳ

አንድ ታንኳ ሠሪ ነበረ። ተቀመጥ እንጂ ይበልጣል፣ እየተንቆራጠጥክ አንገቴን አዞርከው። ጠይቀኸኛል፣ እመልስልሃለሁ። ከሦስት ወር በኋላ በኮምፒውተር ሳይንስ ትመረቃለህ። ማመልከቻ ያስገባህበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ልምድ አለህ ወይ ይልሃል። አንተ ደግሞ ሥራ ሳይሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው ትላለህ። ጥያቄህ ይኸው አይደል? እንግዲያው ስማኝ። ስልክህንም ድፋው።

ሰውየው እንዳንተው ወጣት ነው፣ የጣና ዳር ልጅ። ታንኳ ስልህ የደንገሉን ነው፤ ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራውን። ሙያውን ከአጎቱ ተምሯል፣ እጁም አይታማም። በአንድ በጋ ስድስት ታንኳ ሠራ። አንዷ ጠባብ፣ አንዷ ሰፊ፣ አንዷ አፍንጫዋ ወደ ላይ የተቀለበሰ፤ ዓይነቱን ሁሉ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ግን አንዷንም ውኃ ላይ አላወጣትም። ደንገል ውኃ ሲነካው ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ መልኩም ይሄዳል። አሠሪ ሲመጣ ንጹሕ ሆነው ይያቸው ብሎ ስድስቱንም ዋርካ ሥር ደርድሮ አቆማቸው።

ለምን እንዲህ እንደተጨነቀ ልንገርህ። በዚያ አካባቢ የታንኳ ሠሪዎች አለቃ አለ፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አንድ ሁለት ወጣት መርጦ ለሥራ ይይዛል። አባቱ ደግሞ ቁርጡን ነግሮታል። ዘንድሮ አለቃው ካልያዘው ከወንድሞቹ ጋር ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። አምና ከዚያ የተመለሰው በወባ እየተንዘፈዘፈ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው።

አለቃው መጣ። ስድስቱን እየዞረ አየ፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሰው ያሻገረችው የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀ። ልጁም ገና አዲስ ናቸው፣ አንዷም አልወጣችም አለ። አለቃው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ።

ልጁ ምን አደረገ መሰለህ? ሰባተኛ ሠራ! አትሳቅ። አንተስ ለአራተኛ ሰርተፊኬት ልመዝገብ ወይ ብለህ አይደል የመጣኸው? ሰባተኛዋን ሠርቶም አላረፈም። ታንኳዎቹን ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲያዛውር ይውላል። ዳሩን ይመላለሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ የመጣ የሄደውን ሁሉ አለቃውን አይታችኋል ወይ ይላል።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራዎቿን ይዛ ወደ ዳሩ ወረደች። የምትሻገርበት ታንኳ በስብሶ ቀርቷል። ዋርካው ሥር ሰባት ታንኳ ቆሞ ስታይ ደስ አላትና አሻግረኝ ልጄ አለችው። እሱም እነዚህ ለማሳያ ናቸው፣ ውኃ አይነካቸውም አላት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «በሞትኩት! እኔ ገበያ አምልጦኝ ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው፣ አንተ ታንኳ ለዓይን ትሠራለህ?» አለችው።

አፈረ። እያቅማማ ከሁሉ የማይወዳትን ታንኳ ጎትቶ ውኃ ላይ አወጣት።

መሐል ሲደርሱ ታንኳዋ ወደ ግራ ዘመመች። የአፍንጫዋ እስር ላላ፣ ውኃ ገባ፣ ሦስት እንስራ ሰመጠ። እንደምንም ማዶ ደረሱ። ሴትዮዋ በገበያተኛው ፊት አፏ የመጣላትን ሁሉ አወረደችበት፣ እኔ አልደግመውም። ልጁ ተመልሶ ታንኳዋን ዳር ጎተታትና ገመዷን ፈታ። ያኔ ጥፋቱን አገኘው። ገመዱን አጥብቆ ይስብ የነበረው መሐሉ ላይ፣ ሰው በሚያየው በኩል ብቻ ነበር፤ ጫፍ ጫፉን ግን ለመልኩ ብሎ ቀጠን ላላ ያደርገው ነበር። ዋርካ ሥር መቶ ዓመት ብትቆም ይህ አይታወቅም። ፈትቶ እንደገና አሰራት።

አሁን የምነግርህን ልብ በል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እሷ አልመጣችም፤ እሱ ራሱ ቤቷ ድረስ ሄደ። አስተካክያታለሁና ደግሜ ላሻግርሽ አላት። ልትጨርሰኝ ነው ወይ አለችው፤ ግን ሌላ ታንኳ ስለሌለ ወጣች። በዚያ ቀን ታንኳዋ ከኋላ ትንሽ ውኃ አስገባች፤ እንስራው ግን ሁሉም ደረሰ። ልጁ ኋላውንም ፈትቶ አሰረ። በሦስተኛው ጉዞ ሴትዮዋ ታንኳዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አለቃው እንደገና መጣ። ስድስቱን ንጹሖች አልፎ ለመድረቅ የቆመችው ጥቁሯ ጋ ሄደ። ሆዷ አብጧል፣ ገመዷ አሮጌና አዲስ ተቀላቅሏል። ልጁ አፉን ሳይከፍት ገና ከገበያ የተመለሰችው ሸክላ ሠሪ ቀደመችው።

«የመጀመሪያ ቀን ሦስት እንስራ አስምጣብኛለች። አሁን ተኝቼባት ነው የምሻገረው» አለች።

አለቃው ጣቱን በታንኳዋ አፍንጫ ላይ ካለው ገመድ ሥር ሰደደና እዚህ ላይ ለምን ሁለት ጊዜ አሰርከው አለ። ልጁ አልደበቀም። እንዴት እንደዘመመች፣ ምን እንደተሰደበ፣ ሲፈታት ምን እንዳየ፣ ሁሉንም ነገረው። አለቃው እስኪጨርስ ሰማውና ነገ በማለዳ ና አለው።

እንግዲህ ይበልጣል፣ ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው ላፕቶፕህን ከፍተህ ስታሳየኝ አምስት ደረቅ ታንኳ ቆጥሬብሃለሁ። ከአንተ በቀር አንዱንም ፕሮግራም የነካው ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ አክስትህ ውባየሁ የደንበኛ ልክ በብጫቂ ወረቀት ጽፋ፣ ወረቀቱ እየጠፋባት፣ እጅጌ አጠረብኝ የሚል ሁሉ በሯ ላይ ይጨቀጭቃታል። ልክ የምትመዘግብበትን ፕሮግራም ጀምረህላት አልነበር? መልኩን ላሳምረው ብለህ ይኸው ስምንት ወርህ።

ቢበላሽባትስ ትለኛለህ። ይበላሽባታል! ትደውልና ትሰድብሃለች፣ የእህቴን አፍ አውቀዋለሁ። ሄደህ ፈትተህ ታያለህ፣ እንደገና ታስረዋለህ። ልምድ የሚሉህ ይህንን ነው። ቀጣሪው ፊት ስትቀርብ የሠራኸውን ብቻ አትንገረው፤ የሰመጠብህን እንስራና እንዴት እንደጠገንከው ንገረው።

አሁን ተነስ። ውባየሁ ስፌት ቤቷን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምትዘጋው።